ሳልሞክር የገዛሁት ኪቦርድ

ነቀምቴ ውስጥ ለለቅሶ ቤት የሚሰቀል ባነር ነው የምሠራው፤ ሥራው አይጠፋም። ተራው ኪቦርድ ቶሎ ቶሎ እየተበላሸ ቢያስመርረኝ፣ ለጠባቧ ጠረጴዛዬ የሚሆን ትንሽና ረከስ ያለ ሜካኒካል ኪቦርድ ልመርጥ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ገመቹ የሚባል ወጣት ነው። በጎኑ የቁጥር ቁልፎች የሌሉትን አጭሩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘና «ኦቦ፣ የመጣልዎትን ይጻፉበት» አለኝ። የቁልፎቹ ቀጭቀጭታ ደስ ብሎኝ ጣቴን ለቀቅኩት። ቀና ስል ስክሪኑ ላይ «በድንገት የተለየን ውድ ወንድማችን» ይላል። እጄ ሌላ ነገር መጻፍ ረስቷል! ይቅርታ ልጠይቅ ስል ገመቹ «ስሙን ምነው ተዉት?» አለኝ።

«ስም ከደንበኛ ነው የሚመጣው» አልኩት። ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበና በአንድ ጣቱ «ቶሌራ» ብሎ ጻፈ። ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ወደ ዲጋ እንደሄደ ቀረ፣ አስከሬኑም አልተገኘም። «ሀርሜ ልጄን በዓይኔ ካላየሁ ለቅሶ አልቀመጥም ብላለች» አለኝ፤ እናቱን ማለቱ ነው። ስሙን ትንሽ አየውና ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው። ከዚያ ኪቦርዱን ነቅሎ ካርቶኑ ውስጥ ከተተና «ይሄ አይሸጥም። ሌላ ይምረጡ» አለኝ።

ሌላ መረጥኩ። እሱንም ሰካና «ይሞክሩት» አለኝ። ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አሳረፍኩ። ያው ዓረፍተ ነገር ሊመጣ ሲል አነሳኋቸው። ሳልሞክረው ገዝቼ ወጣሁ።