የታሸገችው ዘብ

(ሐሙስ ረፋድ፣ ቀበና፣ የሠዓሊዋ የማስተዋል የሥራ ክፍል፤ ኮሚክ መጽሔት እየሰበሰበ የሚነግደው ዳግማዊ ከመጣ ጀምሮ ቆሞ ይለምናታል።)

ዳግማዊ፦ አንድ ዓመት ታገሺኝ ነው የምልሽ። ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ ከሰማይ በትኚው።

ማስተዋል፦ መጀመሪያ ተቀመጥ። ወንበሩ አይነክስም።

ዳግማዊ፦ አልቀመጥም። «የአቃቂዋ ዘብ»ን ለትምህርት ቤቶች በነጻ ልታድይ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ማስተዋል፦ የጻፈው ወንድሜ፣ የሣልኩት እኔ። ለማን እንደምሰጠው አንተን ማስፈቀድ አለብኝ?

ዳግማዊ፦ የተረፈው ተቃጥሏል ብለሽኝ ነበር እኮ። በገዛ አፍሽ።

ማስተዋል፦ ከወሰድከው የተረፈውን አቃጥሉት ያልከው አንተ ነህ። እኔ እሺ አልኩ፣ ብሥራት ግን አልሆነለትም። እኔም ሳላውቅ በሰው ልኮ አክስታችን ቤት አስቀመጠው። ያወቅኩት እሷ ቤት ስትቀይር ነው፤ እሽጉ ሳይፈታ፣ የማተሚያ ቤቱ ገመድ እንኳ እንደታሰረ።

ዳግማዊ፦ ብዙ ነው?

ማስተዋል፦ ለአንተ ይበዛል።

ዳግማዊ፦ ማስቲ፣ ስሚኝ። ሰው ያንን መጽሔት ከእኔ የገዛው ብርቅ ነው ብሎ ነው። የቀረው በጎርፍ ተበላሽቷል ብዬ ነው የሸጥኩት።

ማስተዋል፦ የትኛው ጎርፍ?

ዳግማዊ፦ አቃቂ መቼም ክረምት ላይ ጎርፍ አያጣም ብዬ ነዋ።

ማስተዋል፦ አየህ፣ አንተም ደራሲ ነህ። ብሥራት ብቻ መስሎኝ ነበር።

ዳግማዊ፦ መቀለድ ትችያለሽ። እኔ ግን እያንዳንዱን ውጭ ልኬ፣ አስመርምሬ፣ ነጥብ አሰጥቼ፣ በጠንካራ ፕላስቲክ አሳሽጌ ነው ያመጣሁት። ይኸው፣ ተመልከቺው። ከአሥር ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ለአንቺ ሥራ እኮ ነው የተሰጠው።

ማስተዋል፦ ነጥቡን የሰጡት ሰዎች አማርኛ ያነባሉ?

ዳግማዊ፦ ማንበብ አያስፈልጋቸውም። ጠርዙን፣ እጥፋቱን፣ የቀለሙን መላላጥ ነው የሚያዩት።

ማስተዋል፦ ስለዚህ ለወረቀቱ እንጂ ለእኔ አልሰጡም። ትናንት ከማተሚያ መኪና የወረደ አዲስ ወረቀት ደግሞ ምን ይወጣለታል? አራግፌ ብልክላቸው የእኔም ያንኑ ነጥብ ያገኛል።

ዳግማዊ፦ ይኼን ለማንም አትንገሪ።

ማስተዋል፦ ምኑን?

ዳግማዊ፦ አዲስ ኮሚክ ሁሉም ሰው በጓንት እየያዘ ነው የሚያስቀምጠው። ሁሉም ጋ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል። ድሮ የታተሙት ዋጋቸው የናረው ልጆች ቀደዋቸው፣ እናቶች ስኳር ጠቅልለውባቸው ስላለቁ ነው። የአዲሱ ዋጋ የሚቆመው «ሌላ የለም» በሚለው ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ከወደቀ ፕላስቲክ ነው የሚቀረኝ።

ማስተዋል፦ ደንበኞችህ ሲገዙ እንዲህ አብራርተህላቸዋል?

ዳግማዊ፦ እንዲህ እያልኩ ማን ይገዛኛል?

ማስተዋል፦ ለመሆኑ የዘቧ ስም ማነው?

ዳግማዊ፦ ምን?

ማስተዋል፦ በእጅህ የያዝካት ሴትዮ። ሽፋኑ ላይ ፋኖስ ይዛ የቆመችው። ስሟን ንገረኝና ነገ አላድልም።

ዳግማዊ፦ ታሽጎ እንዴት አነበዋለሁ?

ማስተዋል፦ ሳይታሸግስ?

ዳግማዊ፦ ... ሳይታሸግ እጥፋት እየፈለግሁ ነበር የማገላብጠው።

ማስተዋል፦ ብሥራት አብሮ አደግህ ነው። በአንድ ወንበር ነው የተማራችሁት። አንዲት ገጽ አላነበብክለትም።

ዳግማዊ፦ እኔ ባልኖር ስሙን የሚያነሳው ሰው ይኖር ነበር? እስቲ ፈርደሽ ተናገሪ።

ማስተዋል፦ እፈርዳለሁ። ብሥራት በታመመበት ሰኔ እኛ ግቢ የመጣኸው ምን ይዘህ ነበር?

ዳግማዊ፦ ያለፈ ነገር ነው፣ ማስቲ።

ማስተዋል፦ የቆራሌውን ሚዛን ይዘህ ነው የመጣኸው። ሠፈር ውስጥ ብረትና ጠርሙስ ከሚሰበስበው ሰውዬ ተውሰህ። የወንድሜን ሥራ በኪሎ መዘንከው። እሱ በመስኮት ያይሃል፤ ከአልጋው መነሳት አቅቶት ትራስ ደግፌለት። «ማንም አይፈልገውም ብሥራት፣ ለወረቀቱ ነው የምወስድላችሁ» አልከው። ታሞ መድኃኒት ስለሚያስፈልገው ዝም አልኩ።

ዳግማዊ፦ ያኔ ገበያው ምን እንደሚሆን በምን አውቃለሁ?

ማስተዋል፦ ደንበኛህ ነገረኝ። የታሸገውን ለዚያው ዓመት ፋሲካ ነው የገዛው። ፋሲካ ከሰኔ በፊት ነው፣ ዳግም።

ዳግማዊ፦ ... የትኛው ደንበኛ?

ማስተዋል፦ ጥቂት ኮፒ ከብሥራት በስጦታ ወስደህ፣ ልከህ፣ አሳሽገህ፣ ሸጠህ፣ ገበያው እንዳለ ካየህ በኋላ ነው ሚዛን ይዘህ የመጣኸው። ወንድሜ በነሐሴ ሲሞት አንድም አንባቢ እንደሌለው አምኖ ነው የሞተው። የመጨረሻ ወር ላይ ብዕር ሳቀብለው እጁን ይሰበስብ ነበር።

ዳግማዊ፦ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ማስተዋል፦ የአንተ ይቅርታ የመጣው ልጆቹ ሊያነቡ ነው ሲባል ነው።

ዳግማዊ፦ እሺ፣ ልጠፋ። ለእኔ አታዝኚ። የገዙኝ ሰዎችስ ምን በደሉሽ? ጋሽ ተካልኝን አስቢያቸው። ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው። ለልጅ ልጃቸው ትምህርት ብለው ከማንም በላይ የገዙኝ እሳቸው ናቸው። እኔን የምትመቺበት በትር እሳቸው ላይ ነው የሚያርፈው።

ማስተዋል፦ ሲገዙህ ምን ብለህ አሳመንካቸው?

ዳግማዊ፦ ያው እንደ ሁሉም።

ማስተዋል፦ እንደ ሁሉም እንዴት?

ዳግማዊ፦ ዋጋው ከወረደ በገዙበት መልሼ እወስዳለሁ ብያለሁ። ምስክር አስቀምጠው አስማሉኝ፤ ማልኩ። ይወርዳል ብዬ አይደለም። ሌላ የለም ብዬ ነው እኮ! ለዚህ ነው አንድ ዓመት የምልሽ። በዓመት ውስጥ ሱቁን ዘግቼ ዱባይ እገባለሁ።

ማስተዋል፦ ጋሽ ተካልኝ ያውቃሉ፣ ዱባዩን?

ዳግማዊ፦ አብደሻል? በምን ያውቃሉ። ብቻ አንቺ ነገ አታድዪ።

ማስተዋል፦ ነገ አላድልም።

ዳግማዊ፦ እውነትሽን ነው?

ማስተዋል፦ እውነቴን ነው። ትናንት አድዬ ጨረስኩ። የአራተኛ ክፍል ልጆች ሙዝ በበሉበት እጃቸው እየተሻሙ ሲገልጡት ዋልኩ። አንዷ ልጅ መጨረሻው ላይ አልቅሳ ቀጣዩ የት አለ አለችኝ።

ዳግማዊ፦ ታዲያ... ታዲያ ለምን ከጠዋት ጀምሮ ታስለምኚኛለሽ?

ማስተዋል፦ ብሥራት በመስኮት ያየህን ያህል ላይህ ፈልጌ።

ዳግማዊ፦ ያን ሁሉ እሽግ ብቻሽን አላደረስሽውም። ማን ጫነልሽ?

ማስተዋል፦ ፋሲካውን የነገሩኝ ሰውዬ ናቸው በራሳቸው መኪና የጫኑልኝ። የአንዱን ፕላስቲክ በመዶሻ ሰብረው እስከ መጨረሻው አንብበውታል፤ እዚችው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው። የቀሩትን ግን አልነኳቸውም።

ዳግማዊ፦ ማነው በሩን የሚያንኳኳው?

ማስተዋል፦ ጋሽ ተካልኝ ናቸው፣ ከምስክሮቹ ጋር። ሂድና ክፈትላቸው፣ የታሸጉትን ተሸክመው ደረጃ ወጥተዋል።