የወይዘሮ የኔነሽ ጉልበትና ሙቁ ውሃ

ሲያትል ከተማ፣ ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ ወይዘሮ የኔነሽ ደረጃው መካከል ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው። የገዙት ሽንኩርትና ዘይት አጠገባቸው ተቀምጧል። የሰው ኮቴ ሲሰሙ ስልክ የሚያዩ መምሰል ልማዳቸው ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ስልኩን ከቦርሳቸው ሳያወጡ ኡሙልኸይር ደረሰችባቸው።

ኡሙልኸይር የፎቅ ጎረቤታቸው ናት፤ በዲቪ የመጣች፣ ኤርፖርት የምትሠራ፣ ያልተጠየቀችውንም የምትመልስ የአዳማ ልጅ። የሻርፗ ጠርዝ ረጥቧል፤ ትከሻዋ ላይ ያለው ቦርሳም ውሃ ያንጠባጥባል።

"ዝናብ ጀመረ እንዴ ልጄ?"

"የለም እትዬ፣ ከዋና መምጣቴ ነው።"

ወይዘሮ የኔነሽ ጉልበታቸውን ረሱ። ሻርፕ የምታደርግ፣ ሶላቷን የማታሳልፍ ልጅና ዋና? ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ጥያቄ ሆነ።

"ምን ለብሰሽ?"

"ከእርስዎ ቀሚስ የሚረዝም ልብስ" አለችና አጠገባቸው ተቀመጠች። "ታዲያ እርስዎስ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

ነገሩን ለማንም ሳይናገሩ ሰንብተው ነበርና ዘረገፉት። ልጃቸው ዘካሪያስ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ሊንውድ ቤት ገዝቷል፤ ምድር ላይ ያለውን ክፍል ለእሳቸው አዘጋጅቷል። ፋሲካ እንዳለፈ ካርቶን ይዞ መጥቶ ሊወስዳቸው ነው። ደረጃውን ካልቻልሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ ይላቸዋል። የልጁ ፍቅር አልጠፋቸውም። እዚህ ግን አውቶቡሱን ያውቁታል፣ የማኅበር ጓደኞቻቸው ቅርብ ናቸው፣ ልባቸው ሲፈቅድ ይወጣሉ። "እዚያ ሄጄ የሰው መኪና ስጠብቅ ልዋል?" አሉ።

"ስፖርት አይሠሩም?"

"ስፖርት ለእኔ አይስማማኝም።"

ይህን ያሉት ሳይሞክሩ አልነበረም። ልጃቸው የመሮጫ ማሽን ገዝቶላቸው ጉልበታቸው አበጠ፤ ማሽኑ ዛሬ የነጠላ ማድረቂያ ነው። ምራታቸው የዳንስ ቪዲዮ ከፍታላቸው ለሦስት ቀን አነከሱ። የማኅበር ጓደኛቸው አቀበቱን በጠዋት እንሩጠው ብላ ይዛቸው ወጥታ ከግማሽ መንገድ ተመለሱ።

እዚህ ላይ አንባቢ አይሳቅባቸው። የእኛ ሰው ስፖርት የሚመርጠው እንደ ሠርግ ልብስ ነው፤ ጎረቤት ያሰፋውን አይቶ። አንዱ ጂም ገባ ሲባል ሌላው ይመዘገባል፣ ወር ሳይሞላው ይተዋል፣ ከዚያም ጥፋቱን በሰውነቱ ላይ ያላክካል።

"እትዬ፣ ጫማ ጠቦዎት ያውቃል?" አለች ኡሙልኸይር።

"ያውቃል እንጂ።"

"ታዲያ ጫማ አይስማማኝም ብለው በባዶ እግርዎ ወጡ?"

ልጅቷ ቀጠለች። እሷም ሥራ ቦታ አንዷ ስትሮጥ አይታ ሮጣ ነበር፤ ገና ጫማውን ስታስር ይከፋት ጀመር። ኋላ ግን ራሷን አንድ ነገር ጠየቀች።

"እርስዎንም ልጠይቅዎት። ልጅ ሆነው፣ ማንም ሳያዝዎት፣ ተዪ እየተባሉ የሚያደርጉት ምን ነበር?"

"ወንዝ" አሉ ወይዘሮ የኔነሽ። "ልብስ ልናጥብ እንወርዳለን። ሌሎቹ ሳሩ ላይ ሲያሰጡ እኔ ከውሃው አልወጣም። እናቴ በዚህ ስንት ጊዜ ገርፋኛለች።"

"ይኸው።"

"ምኑ ነው ይኸው? መዋኘት መቼ እችላለሁ።"

"ማን ይዋኙ አለዎት? ይራመዱበት።"

"ለመራመድማ መንገድ አለልኝ።"

"መንገዱ ክብደትዎን አይሸከምልዎትም። ውሃው ይሸከምልዎታል።"

ራቁት መሆንን አነሡ፤ የሴቶች ሰዓት እንዳለ፣ መጋረጃው እንደሚዘጋ፣ ጠባቂዋም ሴት እንደሆነች ነገረቻቸው። ምች ቢመታኝስ አሉ። ኡሙልኸይር ውሃው ሙቅ ነው፣ ሲወጡም ፀጉርዎን አድርቀን ኮፍያ ያደርጋሉ አለች፤ ቀጥላም፣ በየቀኑ ሻወር ሲገቡ ምቹ የት ሄዶ ነው ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ የኔነሽ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሰው ከሳቀ በኋላ ሙግት መቀጠል ይከብደዋል። ሐኪሜን ልጠይቅ፣ ከዚያ ለማየት ብቻ እመጣለሁ ብለው ተነሡ።

ሐኪሟ ከማሽኑ ይልቅ ይሄ ይሻላል አለች። በሚቀጥለው እሁድ ወይዘሮ የኔነሽ ከነካፖርታቸው መዋኛው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው አዩ። አንዲት እኩያቸው ቬትናማዊት ገበያ እንደሚሄድ ሰው ውሃውን እየገፋች ትመላለሳለች። ጥቂት ቆይተው ኡሙልኸይርን ያመጣሽልኝን የዋና ልብስ ስጪኝ አሏት። የመውረጃውን ደረጃ ብረት ይዘው ወደ ውሃው ወረዱ። ውሃው ወገባቸው ሲደርስ ጉልበታቸው ዝም አለ። ሌላ እርምጃ ሞከሩ፤ አሁንም ዝም። የት ሄደ ብለው ጎንበስ ብለው አዩት።

በሁለተኛው ጊዜ ግን ከቬትናማዊቷ ጋር እሽቅድድም ገቡና በማግሥቱ አልጋ ላይ ዋሉ። ይኸው አልተስማማኝም ሲሉ ኡሙልኸይር በራቸው ላይ ቆማ ነበር።

"ውሃውን እርስዎ መረጡ፤ ፍጥነቱን ግን ከሰው ተዋሱ" አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ በራሳቸው ልክ ሄዱ። ቤት ውስጥም ሻይ እስኪፈላ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ጨመሩበት። ጾሙ ሲጋመስ እንቅልፋቸው ጠለቀ፤ ደረጃው መካከል መቀመጣቸው ቀረ። ጉልበታቸው እንደ ኮረዳ አልሆነም፤ ዝናብ ሲመጣ አሁንም ይነግራቸዋል፣ ሲያትል ውስጥ ደግሞ የሚነግራቸው ብዙ ነው። ግን የሚወዱትን ስለያዙ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው እሁድን ይጠብቁ ጀመር። ከጥሩ ስፖርት ሁሉ ጥሩው፣ ሰው ነገም የሚመለስበት ነው።

ፋሲካ አልፎ ዘካሪያስ መጣ። ከመዋኛ ሲመለሱ መግቢያው ላይ ተገናኙ፤ እሱ የታጠፈ ካርቶን በብብቱ ይዟል፣ እሳቸው ኮፍያ አድርገዋል። አብረው መውጣት ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ መኪና የሚነዳው ዘካሪያስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ተደገፈ።

"እማዬ፣ ቆይ እስቲ።"

ወይዘሮ የኔነሽ ዞር ብለው አዩት። ካርቶኑን አዩት። የሚሉት ብዙ ነበር፤ ግን ሁለት ደረጃ ወርደው እሱን አስቀመጡና አጠገቡ ተቀመጡ።

"ዘካሪያስ፣ ልጅ ሆነህ፣ ተው እያልኩህ የምታደርገው ምን ነበር?"

ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና ሳቀ። "ብስክሌት" አለ።

ካርቶኑ እንደታጠፈ ተመለሰ። በዚያ ቀን ከዚያ ቤት የወጣው ዕቃ የነጠላ ማድረቂያው ማሽን ብቻ ነው።