ያልተሰጣው ቁርበት

ሰው መካሪውን ቤቱ ድረስ ሄዶ አያገኘውም፤ መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ነው የሚያገኘው። ቃለ አብም አቶ የሺጥላን ያገኛቸው እንዲሁ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የምትሄደው ሚኒባስ ጎማዋ ፈንድቶ፣ ሾፌሩ ክሪክ ፍለጋ ሲባዝን፣ ተሳፋሪው ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ጀመር።

ቃለ አብ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ እስኪያገኝ፣ ደብረ ብርሃን ዳር በሚገኝ የተፈናቃዮች መጠለያ የበጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነ ወጣት ነው። ልቡ ቅን ነው፤ ይህን ሳይመሰክሩለት ማለፍ ግፍ ይሆናል። ከምዕራብ ኦሮሚያ ቀያቸውን ጥለው ለመጡት ገበሬዎች ሲሮጥ የጫማው ሶል አልቋል። ያን ዕለትም አንኮበር የሚሄደው ገብስ ሊለምንላቸው ነበር። ሹመት ግን ቅኑንም ሰው ሳያስበው ያንሸዋርረዋል።

ስልኩ ጮኸ።

«ዛሬ ማታ ከኮሚቴው እንሰርዛታለን» አለ። «ይታይሽ ኮሚቴውን በሰው ፊት ካዋረደች በኋላ ከእኛ ጋር አትቀጥልም። ዲሲፕሊን ነው።»

አጠገቡ ባና ተከናንበው የተቀመጡት ሽማግሌ ዘወር አሉ። አቶ የሺጥላ የአንኮበር ገበሬ ናቸው።

«ልጄ፣ አትቆጣኝና፣ ልጅቱ ምን አጠፋች?»

«ነገሩ እንኳ ትንሽ ነው አባባ። በእርዳታ ከመጣው ብርድ ልብስ ወፍራም ወፍራሙን ለኮሚቴው አባላት ለይተን አስቀመጥን። የደብረ ብርሃንን ብርድ ያውቁታል፤ በዚያ ብርድ የምንለፋው እኛ ነን። የሚያበራይ በሬ አፉ አይታሰርም ይባል የለ? እሷ ግን ስብሰባ መሀል ተነስታ ይህን ማን ፈቀደ አለች።»

«ይባላል እንጂ። በሬው ግን የሚቀምሰው አውድማ ላይ፣ ሁሉ እያየው ነው። ጎተራ ገብቶ በር አይዘጋም። ለመሆኑ ሰዉ ምን አለ?»

«ምንም። በፊት ደጃችን ላይ ጩኸት ነበር። አሁን ቅሬታ ይዞ የሚመጣ የለም፤ ረክቷል ማለት ነው።»

አቶ የሺጥላ ከገደሉ ሥር ወደ ተንጣለለ ጥቁር ቋጥኝ በከዘራቸው አመለከቱ።

«ያንን ቋጥኝ ታየዋለህ? በደርግ ጊዜ ከተማ የተማሩ ልጆች ጠመንጃ ይዘው እዚህ ዱር ገብተው ነበር። ላብ አደር፣ አርሶ አደር እያሉ ያስተምሩናል። እኛ ትምህርታቸው ባይገባንም ሥራቸው ገባን። ለጠጧት ውኃ እንኳ ያመሰግናሉ፤ በአጨዳ ያግዛሉ። ጌጡ የሚባል የደብረ ብርሃን ተማሪ ማጭድ ጣቱን ሲቆርጠው እናቴ ነበረች ያሰረችለት። ከቆላ ወታደር ሲወጣ እናቴ ቁርበት አውጥታ እዚያ ቋጥኝ ላይ ታሰጣለች። ልጆቹ ከማዶ ያዩና ይሰወራሉ። ማንም ያዘዛት አልነበረም።»

«በኋላስ?»

«በኋላማ ኮሚሳሩ የሚሉት አለቃቸው ለብቻው ማብሰያ አቆመ። ተዋጊው ቆሎ ሲቆረጥም በእሱ ደጅ ሙክት ይታረድ ጀመር። ክረምት ሲገባ ደግሞ ለትግሉ ነው ብሎ የዘር ገብሳችንን አስጫነ። እኛ ልጅ ሲርበው እንኳ የዘር ጎተራ አንከፍትም! ጌጡ በስብሰባቸው ተነስቶ ሙክቱ የት ሄደ፣ ዘሩስ ለምን ተወሰደ ብሎ ጠየቀ። ግለ ሂስ አድርግ አሉት፤ ጠመንጃውን ነጥቀው ውኃ ቀጂ አደረጉት።»

ቃለ አብ ጎኑን የነካው ነገር ቢኖርም የተማረ ሰው ክርክሩን ቶሎ አይጥልም።

«የተሸነፉት ግን በመሣሪያ ብልጫ ነው፤ መንግሥት ሄሊኮፕተር ነበረው።»

«ሄሊኮፕተሩማ ፊትም ነበር። ከልጆቹ የጎደለው ቁርበቱ ነው። አንድ ጠዋት ወታደሩ በዚህ ወጣ። መንደሩ ሁሉ አየ። ማንም ከማንም አልተማከረም፤ ግን ማንም ቁርበት አላሰጣም። እናቴ ቁርበቷ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። እኔም ጎኗ ነበርኩ።»

«ኮሚሳሩ ተያዘ?»

«በቅሎ ነበረው፤ አመለጠ። ጌጡን ምንጩ ዳር ሞቶ፣ እንስራው አጠገቡ ወድቆ አገኘነው።» ሽማግሌው ባናቸውን ሰበሰቡ። «እናቴ በዚያ ቁርበት ላይ ዳግም አልተኛችም። ሕዝብ ሲያኮርፍ ለይቶ አያኮርፍም ልጄ። ክፉውን ሊቀጣ ደጉንም ይተዋል። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። እኛ ያን ቀን ዝም ከማለታችን በፊት ሙክቱ ሲታረድ ጮኸን ነበር። ጩኸታችንን ሰምተውት ቢሆን ኖሮ!»

ቃለ አብ አንገቱን ደፋ። የመጠለያው ጸጥታ ትዝ አለው፤ እሱ እርካታ ነው ብሎ የተረጎመው ጸጥታ። ስልኩን አወጣና ይታይሽ ጋ ደወለ።

«ሰዉ ቅሬታ ማምጣት ለምን ያቆመ ይመስልሻል?»

«ለማን ብሎ ያምጣ?» አለችው።

ጎማው ተቀይሮ ሚኒባሷ ስትነሳ ቃለ አብ አልተሳፈረም። ገብሱን ሳይለምን ወደ ደብረ ብርሃን በሚመለስ አይሱዙ ተጫነ። ማታ በስብሰባው የተሰረዘው የይታይሽ ስም ሳይሆን የኮሚቴው ድርሻ ሆነ። መጋዘኑ ተፈናቃዮቹ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች ፊት ተከፈተ፤ ብርድ ልብሱ በሜዳ ላይ፣ ፀሐይ እያየው ታደለ፤ የኮሚቴ አባል ሁሉ የመጨረሻ ተሰላፊ ሆነ። ወሬው አንኮበር ሲደርስ ገብሱ ሳይለመን ተጭኖ መጣ። በግልጽ የሚያድል እጅ ሰጪ አያጣም፤ ጠያቂውን የሚያከብር ማኅበርም ጥፋቱን ገና ጥቂት ሳለ ያውቀዋል።

የሰው ልብ ግን እንደ መጋዘን በር በቁልፍ አይከፈትም። ሰዉ ብርድ ልብሱን እየተቀበለ ዝም ብሎ ይሄድ ነበር። ቃለ አብ በየጠዋቱ ደጁ ላይ ተቀምጦ የሚጮህበት ሰው ይጠብቃል። አንድ ጠዋት እማማ እናናየሁ የሚባሉ አሮጊት የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። ልጁ በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ያስላል።

«ይህ ብርድ ልብስ ብርዱ ሲያንገበግበን የት ነበር?» አሉ እማማ። «ሳሉ ደረቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው የምትሰጡኝ? እናንተ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

አንዱ የኮሚቴ አባል ሊያረጋጋቸው ተነሣ። ቃለ አብ በእጁ አስቀመጠውና ለእማማ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

«ይናገሩ እማማ» አለ። «ልጁን ሐኪም ጋ እያደረስነው ይናገሩ። በዝምታ አይተዉኝ።»