ፈረሱ ከጋጣ ይውጣ

የፈረስ ገበያ በሚቆምበት ቀን በኬልዴል ከተማ መንገድ መሻገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በሊድስ ጠበቃ የሆነችው ጁዲት እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ወደ ዳቦ ቤት ስትሻገር፣ ከአንዲት ዳማ ባዝራ ጋር ፊት ለፊት ልትላተም ምንም አልቀራት። የባዝራይቱን ልጓም የያዙት አጎቷ ኢኖክ ታክሬይ ነበሩ።

ኢኖክ ፈረስ ነጋዴና የኬልዴልን የፈረስ መሮጫ ሜዳ የሚያስተዳድሩ ሽማግሌዎች ሊቀ መንበር ናቸው። ቁጣቸው ቅርብ ነው፣ ቃላቸው ግን አይታጠፍም። የእህታቸውን ልጅ ሲያዩ ደስ ቢላቸውም ፊታቸውን አልፈቱም፤ በገበያ ሰዓት ፊት የሚፈታ ነጋዴ ዋጋ ይቀንሱበታል።

"ዳር ያዢ አንቺ ልጅ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አሏት። ጁዲትም ከዳቦ ቤቱ ጥላ ሥር ሆና ማየት ጀመረች።

ገዢው ከላንካሽር የመጣ ገበሬ ነበር። ዝናቡ ያካፋ ስለነበር ባዝራይቱን ጋጣ ውስጥ አይቶ ሊጨርስ ፈለገ። ኢኖክ አሻፈረኝ አሉ። ልጓሟን ይዘው ወደ ሰፊው መንገድ አወጧት፣ ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለ፣ ከዚያም በጭቃው ላይ ሶምሶማ እያስረገጡ ወሰዷት፣ መለሷት። ከተመልካቹ አንዱ የኋላ ግራ እግሯ ከበድ ይላል ብሎ ጮኸ። ኢኖክ አልተቆጡም፤ እንደ ገና አስሮጧት። አሁን ሁሉም ረካ። አንድ መንገደኛ መሐል ገብቶ የሻጭንና የገዢን እጅ ያዘ፣ ሁለቱም መዳፋቸውን እንትፍ ብለው አጋጩ፣ ኢኖክም እንደ አገሩ ወግ ከተቀበሉት ላይ አንዲት ሳንቲም ለገዢው ምራቂ መለሱለት። ገበሬው ባዝራይቱን እየሳበ ሄደ፤ ኢኖክም አሁን ፊታቸውን ፈትተው የእህታቸውን ልጅ ወደ ሻይ ድንኳን ወሰዷት።

የሥጋ ፓይና ሻይ ቀርቦላቸው ከተቀመጡ በኋላ ጁዲት በቀጥታ ወደ ነገሩ ገባች።

"እናቴ የነገረችኝ እውነት ነው? የአገሪቱ ምክር ቤት ኮሚቴ ለምስክርነት ሲጠራዎት አልመጣም አሉ?"

"ብያለሁ። እናትሽ ደግሞ ምላሷን አታሳርፍም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በየፈረስ መሮጫው ሜዳ የውርርድ መስኮት የሚከፍተው የመንግሥት ድርጅት ነው። ከሚያተርፈው ለየሜዳው ድርሻ ይሰጣል። ትልልቆቹ ሜዳዎች ያለዚህ ድርሻም ይኖራሉ። በአንድ በኩል የበግ ግጦሽ፣ በሌላ በኩል የቤተ ክርስቲያን መቃብር የሚያዋስነው የኬልዴል ሜዳ ግን ያለ እሱ አንድ ክረምት አይሻገርም። ሜዳው ከተዘጋ ጋላቢው፣ የፈረስ ጫማ ቸንካሪው፣ የእንግዳ ማደሪያው ተከታትለው ይዘጋሉ፣ ከተማው የሽማግሌ ከተማ ሆኖ ይቀራል። ኢኖክ ይህን እያሰቡ እንቅልፍ ያጡ ሰው ናቸው።

አሁን መንግሥት ድርጅቱን ለባለሀብቶች ሊሸጥ ተነሥቷል። ሽያጩን የሚመሩት ሚስተር ፔንሮዝ የሚባሉ ሹም ባለፈው በጋ ወደ ኬልዴል መጥተው ከኢኖክ ጋር ምሳ በሉ፤ የትንንሽ ሜዳዎች ድርሻ ከሽያጩ በኋላም እንደማይነካ ነግረው እጃቸውን ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ድርሻው ትንፍሽ ያለ የለም። ምክር ቤቱ ግን ውሉ ሳይፈረም ሽያጩን ልመርምር ብሎ ኮሚቴ አቋቋመና ምስክር መጥራት ያዘ።

"ሰውየው እጁን ሰጥቶኛል" አሉ ኢኖክ። "እጁን የሰጠኝን ሰው በኮሚቴ ፊት አቁሜ ብለሃል፣ አላልኩም ልባባል? አባቴ ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሣል።"

"ውሸታም ይበሏቸው አላልኩም፣ አጎቴ።"

"መጠየቅ ታዲያ ምንድን ነው? የታመነ ሰው አይጠየቅም።"

በእውነቱ ይህ የኢኖክ ብቻ ስሕተት አይደለም። ሲጠየቅ የሚከፋው ሌባ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአገር ሥራ በቀለለ ነበር። የሚያስቸግረው ጨዋውም መቀየሙ ነው። ጨዋው ተቀይሞ ዝም ሲል ሌባው ከኋላው ይሸሸጋል። ጁዲት ይህን ብታውቅም አጎቷን ሌላ ሰው እንደሚመክሩ አድርጋ ልትመክራቸው አልፈለገችም፤ ሻዩዋን እየጠጣች ቅሬታቸውን እስኪጨርሱ ጠበቀች።

ቅሬታቸው ብዙ ነበር። ጥያቄ ሲበዛ ገዢው ደንግጦ ይሄዳል አሉ። የምክር ቤት ሰዎች ፈረስን ከበቅሎ አይለዩም፣ ስለ ውርርድ የሚያውቁት ውርርድ ኃጢአት መሆኑን ብቻ ነው አሉ። በመጨረሻም ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ነው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው አሉ።

"ጅቡ መች ሄደ?" አለች ጁዲት። "ፊርማው ገና ነው። በረቱ በር ላይ ቆሟል።"

ኢኖክ ሳያስቡት ሳቁ። እሷም ይቺን ሳቅ ስትጠብቅ ነበርና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

"አንድ ነገር ያስረዱኝ። ዛሬ በዚህ ዝናብ ባዝራይቱን ለምን ከጋጣ አወጧት? ሰውየው እዚያው ልግዛ ብሎ ነበር።"

"ጋጣ ውስጥ የማያምር ፈረስ የለም። እግር የሚታወቀው ሲረግጥ ነው።"

"ያ ሰውዬ እግሯ ከበድ ይላል ብሎ ሲጮህስ ምነው አልተቆጡም? የታመነ ሰው አይጠየቅም ነበር እኮ ያሉኝ።"

"ምን ያስቆጣኛል? ደግሜ አስሮጥኳት፣ ሁሉም አየ። ነገ ብታነክስ ኢኖክ አታለለ የሚል የለም።"

"ገዢውስ ጥያቄ በዛ ብሎ ሸሸ?"

"ይልቁንስ ዋጋ ሳይከራከር ገዛኝ። ሰው የሚሸሸው የተደበቀ ነገር ሲሸተው ነው።"

ኢኖክ የገዛ ንግግራቸው ጆሯቸው ውስጥ ሲመላለስ ተሰማቸውና ሹካቸውን አስቀመጡ።

"እጅ ስትመቱ መሐል ገብቶ ያገጣጠማችሁ ሰው ማን ነው?" አለች በቀስታ።

"እኔ እንጃ፣ መንገደኛ ነው። ማንም ይሁን፣ ሰው መኖር አለበት። የሚያገጣጥም ከሌለ እጅ መምታት አይባልም፤ ሰው ያላየው እጅ..."

እዚህ ላይ ቆሙ።

"ሚስተር ፔንሮዝ እጃቸውን ሲሰጡዎትስ ማን ነበር?"

ኢኖክ ያን ቀን አስታወሱት። ምሳው በማደሪያ ቤቱ ፎቅ ላይ ነበር። ሹሙ በጸጥታ እንነጋገር ብለው በሩን አስዘግተዋል፣ ሾርባ ያቀረበችውን ሴት እንኳ በትሕትና አስወጥተዋታል። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ክብር መስሏቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን በዝግ ጋጣ ፈረስ ገዝተው የማያውቁት ሰው፣ የከተማቸውን እንጀራ በዝግ ክፍል እንደተቀበሉ አሁን ታያቸውና ፊታቸው ቀላ።

"በሩ ተዘግቶ ነበር" አሉ በመጨረሻ።

"እንግዲያው ያ የገበያው እጅ አይደለም" አለች ጁዲት። "ደግሞ ድርጅቱ የሚስተር ፔንሮዝ ፈረስ አይደለም፤ የእርስዎም የእኔም፣ ይህን ሻይ የቀዳችልንም ሴት ፈረስ ነው። እሳቸው ደላላ ናቸው። የሰው ፈረስ የሚሸጥ ደላላ ባለቤቱ ቆሞ እያየ ይሸጣል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ለንደን ሄዶ መቆም ስለማይችል ምክር ቤቱን በቦታው አቁሟል። ኮሚቴው የሚለው ፈረሱን አውጡት፣ ሶምሶማ አስረግጡት ነው። ፈረስን ከበቅሎ አይለዩም ካሉ ደግሞ፣ የተጠሩት ለዚሁ ነው፤ ሄደው ያሳዩአቸው።"

ኢኖክ ወዲያው እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ሻዩ ቀዝቅዟል ብለው አማረሩ፣ ፓዩ ጨው በዝቶበታል አሉ፣ ዘመድ ጠበቃ ሲሆን ቁርስ እንኳ በሰላም አያስበላም ብለው አጉረመረሙ። ኮፍያቸውን አድርገው ከተነሡ በኋላ ግን፣ የለንደን ባቡር ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት ብለው ጠየቁ።

ለንደን ያለው የኮሚቴው አዳራሽ ከኬልዴል ቤተ ክርስቲያን ይሰፋል፣ ይሞቃልም። ሰብሳቢዋ ሚስስ ኦግደን መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የሚያዩ፣ ቸኩለው የማይናገሩ ሴት ነበሩ። በመጀመሪያ የተጠየቁት ሚስተር ፔንሮዝ ናቸው። የትንንሽ ሜዳዎችን ድርሻ በተመለከተ ከማንም ጋር የተገባ ውል የለም አሉ። ሰውየው እኮ አልዋሸም፤ በእርግጥም ውል አልነበረም። የነበረው አንድ ምሳ፣ አንድ ዝግ በርና አንድ እጅ ነው።

ተራቸው ሲደርስ ኢኖክ ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦

"ክብርት ሰብሳቢ፣ እኔ ሹሙን ልከስ አልመጣሁም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በእኛ አገር ፈረስ በዝግ ጋጣ የገዛ ሰው ሲያነክስበት ማንንም አይወቅስም፣ ራሱን ይወቅሳል። እኔም የከተማዬን ነገር በዝግ ጋጣ ተቀበልኩ። ዛሬ ግን ፈረሱ ገና አልተሸጠም፣ ባለቤቱም እዚህ ተቀምጧል። እግሩ ደህና ከሆነ ማስሮጥ አይጎዳውም። ካነከሰም አሁን ብናውቀው ይሻላል።"

ሚስስ ኦግደን ወደ ሹሙ ዞሩ።

"ሚስተር ፔንሮዝ፣ እጅዎን ሰጥተዋቸዋል?"

ሚስተር ፔንሮዝ እንደ ሹም ሳይሆን እንደ ሰው ተናገሩ።

"ሰጥቻለሁ። ከልቤ ነበር የሰጠሁት። ድርሻው በውሉ ይግባ ብዬ ሁለት ጊዜ አቅርቤ፣ ከበላይ ነገሩን አታንሣ ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር።"

ኢኖክ በዚህ ክፉኛ ተገረሙ። በጥያቄ ይዋረዳል ብለው የሳሱለት ሰው፣ የታፈነው በጥያቄ ማጣት ኖሯል። ጠያቂ ያለው ሹም አልችልም፣ ነገ እጠየቃለሁ ብሎ ከአለቃው ይከላከላል። ጠያቂ የሌለው ምን ይዞ ይከላከላል?

ድርጅቱን ሊገዛ የቀረበው ኩባንያ ወኪል ቀጥሎ ተጠየቀ። ኢኖክ ይሸሻል ብለው የፈሩት ይኼው ሰው ነበር። እሱ ግን ገዢዎቹ ዋጋው ላይ ሲያመነቱ የቆዩት ያልተነገራቸው ነገር እንዳለ ስለጠረጠሩ መሆኑን አስረዳ። ሜዳዎች ከሌሉ የውርርድ መስኮት ምን ይረባል፣ ድርሻው በውሉ ይጻፍ፣ በየዓመቱም በዚሁ አዳራሽ ቀርበን እንጠየቅ አለ። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ እንዲሁ እንዲሆን ጠየቀ፣ መንግሥትም እንቢ ለማለት ፊት አልነበረውም።

ስብሰባው ሲያበቃ ሚስተር ፔንሮዝ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። ኢኖክ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

"መጀመሪያ የሚያገጣጥም ሰው" አሉ።

ሚስስ ኦግደን መነጽራቸውን አውልቀው ወረዱና የሁለቱን እጅ ይዘው አገጣጠሙ። ኢኖክ ለቦታው ክብር ሲሉ እንትፍ ማለቱን ተዉት። አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ፣ ከኋላ የተቀመጠችው ጁዲትም ዕንባዋን በመሐረብ ስትጠርግ አጎቷ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

በጸደይ የኬልዴል ሜዳ እንደ ወትሮው ተከፈተ። የውርርድ መስኮቶቹ አዲስ ቀለም ተቀብተው፣ ሰዉ ከበጎቹ አጥር እስከ መቃብሩ ግንብ ሞልቶ፣ ማደሪያ ቤቱ እንግዳ መመለስ እስኪጀምር ድረስ ተጨናነቀ። ኢኖክ ኮፍያቸውን ለእያንዳንዱ ሰው እያነሡ ሲዞሩ ዋሉ። ልጅ የዳሩ ይመስሉ ነበር።

የእኔን አድናቆት የሚያገኘው ግን በማግስቱ ያደረጉት ነው። የሜዳው ሽማግሌዎች ከአያቶቻቸው ጊዜ ጀምሮ የሚሰበሰቡት በራቸውን ዘግተው ነው። ኢኖክ ስብሰባውን ከመክፈታቸው በፊት በሩን ከፈቱት፣ የከተማውንም ሰው ግቡ አሉ። ጓደኞቻቸው ተቀየሙ። አንዱማ አታምነንም ወይ፣ የታመነ ሰው ይጠየቃል ወይ ብሎ ተነሣ።

"እኔም እንደዚያ ስል ነበር" አሉ ኢኖክ። "ያን ዕለት ለንደን ላይ ጥያቄ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንቀመጥበት ሜዳ አይኖርም ነበር። ጥያቄ ሻጩን ከሐሜት፣ ገዢውን ከፀፀት፣ ሹሙን ከአለቃው አዳነ። እኛን ደግሞ ከስደት አዳነ፣ ልጆቻችን እዚሁ ይሠራሉ። ለመንግሥት የሚበጅ ነገር ለእኛ የሚከፋበት ምክንያት አይታየኝም።"

ይህን ብለው ሳይቀመጡ የከተማው ሥጋ ሻጭ ሚስት ከኋላ እጇን አወጣች። የሽማግሌዎቹ መቀመጫ አምና ጣሪያው ሲታደስ የሕዝቡ መቆሚያ ለምን እስከ ዛሬ እንደሚያፈስ ጠየቀች። ኢኖክ አንገታቸው ድረስ ቀሉ። አንገታቸውን አዙረው ለእሽቅድምድሙ ከሊድስ የመጣችውን ጁዲትን ቢፈልጓት እየሳቀች ነው።

"ደህና ጠየቅሽ፣ የእኛም ፈረስ ያነክሳል" አሉ።

በመከር ወራት በተደረገው እሽቅድምድም ቀኑን ሙሉ ዘነበ። የሥጋ ሻጩ ሚስት በሕዝቡ መቆሚያ አዲስ ጣሪያ ሥር ቆማ፣ ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ፣ ኢኖክም አጠገቧ ቆመው ውድድሩን እስከ መጨረሻው አዩ።