አውሮፕላን የተጠየፉት ጋሽ ይልቃል

(አዲስ አበባ፣ የአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ አራተኛ ፎቅ፣ ሰኞ ጠዋት፤ የመዳረሻ መረጣ ክፍል ኃላፊው ይልቃል እና የክፍሉ ሠራተኛ ወይንሸት፤ ጥግ ላይ የኮርቻው ላስቲክ ያልተገፈፈ አዲስ ብስክሌት ቆሟል።)

ይልቃል፦ ትሄጃለሽ አልኩሽ። አለቀ።

ወይንሸት፦ አልሄድም አልኩ እኮ ጋሼ። እኔም አለቀ።

ይልቃል፦ ኮስታ ሪካ ነው የምልሽ። ሦስት ወር ጫካ ውስጥ ሥልጠና፣ ወጪው በእነሱ፣ ቪዛሽ ፓስፖርትሽ ላይ ተለጥፎ። ስንት ጊዜ አመልክተሽ ነው ያገኘሽው? ተመልሼ ሐረና ጫካ ውስጥ ከአገሬው ሰው ጋር እሠራዋለሁ ያልሽው የጎብኚ ማረፊያስ? እንዲህ ያለ ዕድል እግሩ ሥር ወድቆለት እምቢ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ወይንሸት፦ እርስዎ እምቢ ብለው የለ? ያውም እዚያው ኮስታ ሪካ፣ ለዚያ ትልቅ ጉባኤ ተጠርተው።

ይልቃል፦ እኔ ሌላ ነኝ።

ወይንሸት፦ በምን?

ይልቃል፦ በዕድሜ።

ወይንሸት፦ ምድር ዕድሜ እየጠየቀች ነው እንዴ የምትሞቀው?

ይልቃል፦ ነገር አታጣሚ። እኔ ብዙ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ብቀር አይቆጨኝም። አንቺ ግን በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ ለራሷ አሳጠረች እንዳይሆንብሽ።

ወይንሸት፦ ዓርብ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ንግግር ሲያደርጉ ያሉትን ላስታውስዎት? «አገር ለማየት ብሎ ሰማይ ማጨስ ነውር ነው» አሉ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ማስታወሻ ስትይዝ እኔ አለቀስኩ።

ይልቃል፦ እሱ ለንግግር ማሳመሪያ ነው።

ወይንሸት፦ እንግዲያው ማሳመሪያውን ነው ይዤ ቤቴ የገባሁት።

ይልቃል፦ ስሚኝ ልጄ። አውሮፕላን ተሳፍረሽ ታውቂያለሽ?

ወይንሸት፦ ባሕር ዳር እንኳ በአውቶቡስ ነው የሄድኩት።

ይልቃል፦ ይኸው። አንቺ አንዴ ብትበሪ ለሰማዩ ትንኝ እንዳስነጠሰች ነው። መጀመሪያ መብረር ማቆም ያለባቸው ሰማዩን እንደ ጓሮ መንገድ ሲመላለሱበት የኖሩት ናቸው። እኛ ገና ድግሱ ቤት ሳንገባ ሳህን እጠቡ እንባላለን?

ወይንሸት፦ ይኼ ጥሩ ነው። ዓርብ ለምን አላሉትም?

ይልቃል፦ ዓርብ አልታየኝም።

ወይንሸት፦ ቅዳሜና እሁድ ነው የተገለጠልዎት?

ይልቃል፦ ሰው ሐሳቡን አያሻሽልም?

ወይንሸት፦ ያሻሽላል። እርስዎ ግን ሲያሻሽሉ ዝርዝሩም አብሮ ይሻሻላል። «ለምድር የሚበጁ የዓለም መዳረሻዎች» ብለን በየዓመቱ ከምናወጣው ላይ ኮስታ ሪካን አንደኛ ያደረጓት እርስዎ ነበሩ። «ያጣችውን ደን መልሳ ያበቀለች አገር» ብለው አምስት ሰዓት አስተየቡኝ። ከፋሲካ በኋላ ስመጣ የለችም። ጫካው በበዓሉ ተቃጠለ እንዴ?

ይልቃል፦ ሩቅ ናት ብዬ ነው ያወጣኋት።

ወይንሸት፦ ከፋሲካ በፊት ቅርብ ነበረች?

ይልቃል፦ በጥናት ነው የወጣችው።

ወይንሸት፦ በእሷ ቦታ ደግሞ ወንጪ ገባ። ወንጪን እወደዋለሁ፤ ሐይቁንም ፈረሶቹንም። ግን «የዓለም መዳረሻዎች» በሚለው ሥር ቡታን፣ ስሎቬኒያ፣ ወንጪ ሲል ደነገጥኩ።

ይልቃል፦ ወንጪ ዓለም ውስጥ አይደለም?

ወይንሸት፦ ነው። ቀጥሎ አያት ጣፎ እንዳይመጣ ብዬ ነው የፈራሁት። ይቅርታ፣ መቀለዴ አይደለም። በኋላ ሳስበው እንዲያውም አደነቅኩዎት። ሰው የሚሄድበትን አገር አይቶ፣ ወድዶ፣ ሻንጣውን ሊያነሳ ሲል ስለ ምድር ብሎ ከዝርዝሩም ከልቡም ሲያወጣው፣ ይኼ ቀላል ነገር ነው?

ይልቃል፦ ወይንሸት፣ እኔን ምሳሌ አታድርጊ።

ወይንሸት፦ ማንን ላድርግ? ሠራተኛው አዋጥቶ ብስክሌት የገዛልዎት በከንቱ ነው?

ይልቃል፦ ብስክሌቱን አታንሺብኝ።

ወይንሸት፦ ለምን? በየቀኑ በእሱ ይመጣሉ።

ይልቃል፦ በእሱ አልመጣም። ከእሱ ጋር ነው የምመጣው።

ወይንሸት፦ እንዴት ማለት?

ይልቃል፦ በሩን ዝጊው።

ወይንሸት፦ ዘጋሁት።

ይልቃል፦ ብስክሌት አልችልም። ታክሲ ጣራ ላይ አስጭኜው ነው የምመጣው። ዳቦ ቤቱ ማዕዘን ጋ እናወርደዋለን፤ ከዚያ እየገፋሁ እገባለሁ።

ወይንሸት፦ ግንባርዎ ላይ የማየው ላብስ?

ይልቃል፦ ላቡ የእውነት ነው። ከማውረዱ ነው።

ወይንሸት፦ እሺ። ደረጃውስ? «ሊፍት መብራት ይበላል» ብለው እያለከለኩ የሚገቡት?

ይልቃል፦ እስከ ሦስተኛ ፎቅ በሊፍት ነው።

ወይንሸት፦ ከዚያስ?

ይልቃል፦ የመጨረሻዋን እሮጣታለሁ።

ወይንሸት፦ መሮጡ ለምን አስፈለገ?

ይልቃል፦ ቀስ ብዬ ከወጣሁ አላለከልክም።

ወይንሸት፦ ጋሼ፣ ልስቅ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ይልቃል፦ ሳቂ። የመጣሽው ሳቅ ፍለጋ አልነበረም፤ ግን ሳቂ።

ወይንሸት፦ በቃ፣ ሳቅኩ። አሁን ግን ይስሙኝ። ብስክሌት አለመቻል ኃጢአት አይደለም፤ ሊፍት መውደድም እንዲሁ። ትልቁን ነገር ግን አድርገዋል፤ አውሮፕላኑን ትተዋል። እሱ ይበቃኛል። አልሄድም።

ይልቃል፦ እሱንም አልተውኩም።

ወይንሸት፦ ምን?

ይልቃል፦ እሱ ነው የተወኝ።

ወይንሸት፦ አልገባኝም።

ይልቃል፦ ቪዛ ተከልክዬ ነው።

ወይንሸት፦ ኮስታ ሪካ ከለከለችዎት?

ይልቃል፦ እሷማ ምን በወጣት። የከለከለኝ መንገድ ላይ አውሮፕላን የምቀይርበት አገር ነው። ከተማቸውን ልጎበኝ፣ ውኃቸውን ልጠጣ አይደለም፤ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሚቀጥለውን አውሮፕላን ልጠብቅ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ትቀራለህ ብለው ሰጉ።

ወይንሸት፦ ምን ብለው ጻፉልዎት?

ይልቃል፦ «ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ ማመን አልቻልንም።» ሚስት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ዕድርም የምዳኘው እኔ ነኝ። ይኼ ሁሉ ተደምሮ እነሱ ፊት አንድ «ይመለሳል» አልወጣውም። አንቺ ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ በዚያው አገር አልፈሽ ሂጂ አሉሽ።

ወይንሸት፦ እኔ «ለምን ትመለሻለሽ?» ሲሉኝ ሐረና ጫካ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ አልኳቸው።

ይልቃል፦ እኔ የቤት ካርታ ነው ያሳየኋቸው። ስወጣ በር ላይ ያለው ጥበቃ ፊቴን አይቶ «አይዞት አባቴ» አለኝ። አባቴ ያለኝ ሰው ጢሙ ሸብቷል፤ በዕድሜ ይበልጠኛል።

ወይንሸት፦ ታዲያ ይኼ ምን ያሳፍራል? ስንቱ ተከልክሏል።

ይልቃል፦ መከልከሉማ አያሳፍርም ነበር። ያን ዕለት ቢሮ ስገባ እናንተ በር ላይ ቆማችሁ «መቼ ነው በረራው?» አላችሁኝ። አንቺ የአንገት ትራስ ገዝተሽልኛል፤ በእጅሽ ይዘሽዋል። ትራሱን ሳየው አፌ ብቻውን «ትቼዋለሁ» አለ። «ለምን?» ስትሉ ግድግዳው ላይ የምድር ፎቶ አለ፤ እሱን አየሁና «ስለ እሷ ብዬ» አልኩ።

ወይንሸት፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ይልቃል፦ ለአንድ ቀን ነበር ያሰብኩት። እናንተ አጨበጨባችሁ። ማግስቱን ብስክሌት መጣ። ከዚያ አዳራሽ ተጠራሁ። ጭብጨባ ሲለመድ ክፉ ነው።

ወይንሸት፦ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ቆሜ።

ይልቃል፦ አይቼሻለሁ። ስለዚህ ነው የምለምንሽ። ደብዳቤውን አትላኪው።

ወይንሸት፦ የቱን?

ይልቃል፦ አልሄድም የምትይበትን።

ወይንሸት፦ ዓርብ ማታ ልኬዋለሁ።

ይልቃል፦ ...ምን ብለሽ?

ወይንሸት፦ «አለቃዬ አቶ ይልቃል ስለ ምድር ብለው እንደተዉት፣ እኔም የእሳቸውን አርአያ ተከትዬ ትቻለሁ» ብዬ።

ይልቃል፦ ስሜን ጻፍሽው?

ወይንሸት፦ ከነአባትዎ።

ይልቃል፦ ምነው ምላሴን በቆረጠው። እናትሽስ ምን አሉ?

ወይንሸት፦ እናቴ እህል አልቀመሰችም። «ማን ነው እንዲህ ብሎ የመከረሽ?» አለችኝ። «ትልቅ ሰው» አልኳት።

ይልቃል፦ ይኼን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር።

ወይንሸት፦ ጠየቁኝ፤ ነገርኩዎት። አሁን እኔም ልጠይቅ። ዓርብ ያሉት ንግግር፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ እሱም ውሸት ነው?

ይልቃል፦ አይደለም። እሱ እውነት ነው። ውሸቱ እኔ ነኝ።

ወይንሸት፦ የሚያበግነኝ እሱ ነው። እውነቱን ከሌላ ሰው ብሰማው አሰላስለው ነበር፤ እመዝነው ነበር። ከእርስዎ ስለሰማሁት ግን ሳልመዝን ዋጥኩት። አንዴ ሄጄ ተምሬ፣ ዕድሜ ልኬን ሰው ጫካውን ሳይቆርጥ በጫካው እንዲኖር ብሠራ ለምድር የቱ ይበጃት እንደነበር እንኳ አላሰብኩም።

ይልቃል፦ ትሄጃለሽ ማለት ነው?

ወይንሸት፦ ትናንት መልስ ሰጥተውኛል። «ውሳኔሽን እናከብራለን፤ ሐሳብሽን ከቀየርሽ ቦታሽ እስከ ሰኞ ማታ ይጠብቅሻል» ይላል፤ ዛሬ ማለት ነው። ግን የእምነት ጉዳይ ስለሆነ ተገድጄ ሐሳቤን የቀየርኩ እንዳይመስላቸው፣ ያነሳሳኝ ሰው ራሱ ሁለት መስመር እንዲጽፍላቸው ይፈልጋሉ።

ይልቃል፦ ያነሳሳሽ ሰው።

ወይንሸት፦ አዎ። ከነአባቱ።

ይልቃል፦ ኮምፒውተሩን ወደዚህ አዙሪልኝ። እ... «ለሚመለከተው ሁሉ። በመካከላችን በተፈጠረ የመረጃ ክፍተት ምክንያት...»

ወይንሸት፦ ክፍተቱ የት ነው ያለው ጋሼ?

ይልቃል፦ ...አፌ ላይ።

ወይንሸት፦ እንደዚያ ይበሉዋ።

ይልቃል፦ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ብዬ ብጽፈውስ?

ወይንሸት፦ ትራስ ነበር እኮ። ትራስ ከአቅም በላይ ነው?

ይልቃል፦ እሺ። አጥፍቼዋለሁ። «እኔ ጉዞዬን የተውኩት ስለ ምድር ብዬ አይደለም። ቪዛ ተከልክዬ ነው። አፍሬ ዋሸሁ። ወይንሸት ዕድሏን የተወችው እኔን አምና ነው። እባካችሁ ቦታዋን መልሱላት።» ይበቃል?

ወይንሸት፦ ይበቃል።

ይልቃል፦ «አፍሬ» የምትለዋን ላውጣት?

ወይንሸት፦ ትቆይ።

ይልቃል፦ ማን ማን ያየዋል?

ወይንሸት፦ እነሱ ብቻ። እኔ ለማንም አልተነፍስም፤ እናቴ ትሙት። ብስክሌቱንም ቀስ ብለው ይለምዱታል። ላስቲኩን ግን ይግፈፉለት፤ ያሳዝናል።

ይልቃል፦ ቆይ። ግልባጭ የሚለው የት ነው?

ወይንሸት፦ እዚህ ጋ። ለማን ሊልኩ ነው?

ይልቃል፦ ለሠራተኛው በሙሉ።

ወይንሸት፦ ጋሼ፣ እኔ ይኼን አልጠየቅኩም።

ይልቃል፦ አልጠየቅሽም። ብስክሌቱን ያዋጡት ግን እነሱ ናቸው። አንዱም እኔን አይቶ የሆነ ነገር ትቶ ይሆናል፤ በምን አውቃለሁ? ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል። የእኔው ገፍቶ አንቺ ጋ ደርሷል።

ወይንሸት፦ እስከ ከሰዓት ያቆዩት። አሁን ተናድደው ነው።

ይልቃል፦ ካቆየሁት አልልከውም። ራሴን አውቀዋለሁ። ይኸው፣ ላክሁት።

ወይንሸት፦ ሄደ በቃ።

ይልቃል፦ ለምንድን ነው እንዲህ ጸጥ ያለው?

ወይንሸት፦ እያነበቡት ነዋ።

ይልቃል፦ ቢስቁ ይሻል ነበር። በሩን ከፈት አድርገሽ እይልኝ እስቲ።

ወይንሸት፦ ወጥተዋል። ደረጃው ላይ ቆመዋል፤ ከሦስተኛውም ከሁለተኛውም። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ከስልኳ ላይ ለጥበቃው እያነበበችለት ነው።

ይልቃል፦ እኔ ደግሞ ለስብሰባው ምድር ቤት መውረድ አለብኝ።

ወይንሸት፦ ዛሬ እንኳ በሊፍቱ ይውረዱ ጋሼ። ከዚህ በር አንድ እርምጃ ነው፤ ማንም አያይዎትም።

ይልቃል፦ አይ ልጄ። አንቺ ሄደሽ ሻንጣሽን አዘጋጂ። እኔ ዛሬ አራቱንም ፎቅ በእግሬ ነው።