የመጀመሪያው ዝናብ ይፍሰስ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ምላጭ» እያለ የሚጠራቸው አዛውንት ፀጉር አስተካካይ፣ ትንሿን የልጅ ልጃቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ ጤና ጣቢያው በር ሲደርሱ፣ ሥራዋን ጨርሳ የምትወጣ አንዲት ነርስ መንገድ ልትለቅላቸው ዞር አለችና ፊታቸውን ስታይ ቆመች። የድሮ ጎረቤታቸው የአናጢው ልጅ ነበረች። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይለዋወጡ ሕፃኗን ተቀብላቸው ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ልጅቱን ተቅማጥ ይዟት ነበር። በዚያ በጋ ሲይዛት የመጀመሪያዋ አይደለም። እናቷ ፋብሪካ ፈረቃ ገብታለች፤ ስለዚህ ጋሽ ምላጭ ብቻቸውን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የልጅቱን የደረቀ ከንፈር እያዩ ጭንቅ ጥብብ አላቸው። ነርሷ በውሃ የተበጠበጠ መድኃኒት በማንኪያ በማንኪያ አጠጣቻት። ቀስ በቀስ ዐይኗን ስትገልጥ ሐኪሙ መርምሯት ወደ ቤት ተሸኙ። ነርሷም መንገዴ ነው ብላ አብራቸው ወጣች።

በመንገድ ላይ ልጅቱ ምን ውሃ እንደምትጠጣ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ምላጭ ኩራት ቢጤ ተሰማቸው። የመንገዱ ቧንቧ ደስ ሲለው ብቻ እንደሚመጣ፣ እርሳቸው ግን ከጣሪያቸው ዝናብ የሚያጠራቅም ታንከር ስላላቸው የማንንም ደጅ እንደማይጠኑ ነገሯት። ነርሷ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። ግቢው እንደገቡ ግን ልጅቱን አስተኝተው ሲመለሱ፣ መሰላል አስደግፋ አሸንዳውን ስታይ አገኟት። የበሰበሰ ቅጠልና የወፍ ኩስ ሞልቶታል። የታንከሩ አፍ ላይ የነበረው ወንፊት ሽቦ ተቀዷል።

«ጋሼ፣ የዚህን ታንከር ሆድ ካዩት ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አለች።

ጋሽ ምላጭ ፊታቸውን አኮሳተሩ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳለች ክረምት በመጣ ቁጥር ውጣና ጥረግ እያለች ትጨቀጭቃቸው ነበር። ከሞተች ወዲህ የሚጨቀጭቃቸው ሰው የለም።

«ከሰማይ የወረደ ውሃ ንጹሕ አይደለም ልትዪኝ ነው?» አሉ።

«ከሰማይ ሲወርድማ ንጹሕ ነው። ግን በቀጥታ የእርስዎ ብርጭቆ ውስጥ አይገባም። ቆርቆሮው ላይ ያርፋል፣ በአሸንዳው ይሄዳል፣ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ተሸክሞ ታንከሩ ውስጥ ይተኛል።»

«እኔ ይኸው ስንት ዓመት ስጠጣው ምን ሆንኩ?»

«እርስዎ ለምደውታል። የእርሷ አንጀት ግን ገና ለጋ ነው። ያመማት ውሃው ብቻ ነው ብዬ አልምልልዎትም፤ እጅም ምግብም ሊሆን ይችላል። ውሃውን ግን አየሁት፣ ዝም ማለት አልችልም። እስቲ ይንገሩኝ፣ አንዱን ደንበኛ የላጩበትን ምላጭ ሳያጸዱ በሌላው ጉንጭ ላይ ያሳርፋሉ?»

«እግዜር ያሳይሽ፣ እንዴት ተደርጎ!»

«ለምን? ብረቱ ምን አጠፋ?»

ጋሽ ምላጭ ቀና ብለው አሸንዳውን አዩ። ሰው በሙያው ጠንቅቆ የሚያውቀውን ነገር ከደጁ ላይ ሳያየው ሊኖር መቻሉ አስደነገጣቸው። ቢሆንም ልባቸው እሺ አላለም። ታንከሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ጉልበት አይደርስም። እርሱን ደፍተው ዝናቡ ቢዘገይስ? የታመመች ልጅ ይዘው ወዴት ይሄዳሉ? ይህንንም ሳይሸሽጉ ነገሯት።

ነርሷ ይደፋ አላለችም። ከላይ ያለው ጠራ ያለው በጀሪካን ይቀዳ፣ እየተፈላም ይጠጣ፤ የታችኛው ለወለልና ለአትክልት ይሁን አለች። ከዚያም ያላሰቡትን ጨመረችላቸው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን የሚያጥብ ስለሆነ ወደ ታንከሩ እንዳይገባ፣ ቱቦው ተነቅሎ ወደ ጓሮ ይፍሰስ አለች። ይህ ለጋሽ ምላጭ ከሁሉ የከበደ ነበር። በጋውን ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩትን ዝናብ ሊያፈሱት ነው።

ነርሷ በዕረፍቷ ቀን መጣች። የልጅቱ እናት ታንከሩ ውስጥ ገባች፤ ብቻውን የሚገባ ሰው አየር ሊያጥረው ይችላልና ነርሷ ከአፉ ላይ ሳትነቃነቅ እያነጋገረቻት ቆየች። ከሥሩ የወጣው ጥቁር ዝቃጭ ግቢውን አገማው። ጋሽ ምላጭ በባልዲ እየተቀበሉ ደፉት። ታንከሩ ተፈግፍጎ በውሃ በቀጠነ በረኪና ታጠበ፣ እንደገና ተለቀለቀ፣ ደረቀ። አሸንዳው ተጠረገ፣ አዲስ ወንፊት ታሰረ፣ ቆርቆሮው ላይ የተንጠለጠለው ቅርንጫፍ ተቆረጠ።

ዝናቡ አንድ ከሰዓት በኋላ ድንገት መጣ። ሻይ የመሰለ ውሃ ከተነቀለው ቱቦ እየተንደቀደቀ ጓሮውን አጥለቀለቀው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ባለ ወፍጮ ብቅ ብሎ፣ «ጋሽ ምላጭ፣ ዘንድሮ ጓሮውን ነው የሚላጩት?» ብሎ ሳቀ። እርሳቸውም ሊስቁ ሲሉ ዝናቡ ቀጥ አለ። ደመናው ተገፎ ፀሐይ ወጣች። ታንከሩ ባዶውን ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ለጋሽ ምላጭ የስቃይ ነበሩ። ጀሪካኖቹ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። ሱቃቸው ውስጥ ሰው እየላጩ ዐይናቸው መስኮቱ ላይ ነው፤ አንዱን ደንበኛ ጢሙን በግማሽ ትተውት ወጥተው ሰማዩን እስከ ማየት ደረሱ። በመጨረሻ ልባቸው ቆስሎ ነርሷ ዘንድ ሄዱ። ሊወቅሷት ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ግን እርሷም እንቅልፍ አጥታ እንደከረመች ገባቸው።

«እኔም ሰማይ ሰማይ እያየሁ ነው ጋሼ» አለች። «ግን ያፈሰስነው ውሃ ልጅቱ ሆድ ውስጥ ቢገባ ኖሮ፣ ዛሬ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ላይ ነበርን።»

ጋሽ ምላጭ የፈሰሰውን ሻይ መሳይ ውሃ አስታወሱ። ተሰናብተዋት ወጡ።

ሲመለሱ ነፋሱ አቧራ እያነሳ ነበር። ግቢ ሳይደርሱ ዶፉ ወረደ። ነጭ ኩባያ ይዘው ጓሮ ቆሙ። ቀዱና አዩ፤ ደፈርሷል። ዝናቡ እንዳያቆም ፈሩ፤ እጃቸው ቱቦውን ለመመለስ ተቁነጠነጠ፤ ግን ታገሡ። እንደገና ሲቀዱ የኩባያው ሥር ፍንትው ብሎ ታየ። ያን ጊዜ ቱቦውን ገጠሙት። ባዶው ታንከር ውስጥ የሚወርደውን ውሃ ድምፅ እየሰሙ፣ ጀርባቸው እስኪበሰብስ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።

ክረምቱ ገፋ። ልጅቱ ጉንጯ ሞላ፤ ያ ሕመም አልተመለሰባትም። የሚጠጣው ውሃ አሁንም ይፈላል። እናቷ ልጅ ታመመችብኝ ብላ ከፈረቃ አልቀረችም። ውሃው ሲከርም አይሸትም፣ ቧንቧው አይደፈንም፣ ታንከሩ ተከድኗልና ትንኝ አይራባበትም።

አንድ ቀን ባለ ወፍጮው ባልዲ ይዞ መጣ። የእርሱ ውሃ ትል አፍርቶ ነበር። ሳቁ የለም። ጋሽ ምላጭ ባልዲውን ሞሉለትና ስለ አሸንዳው፣ ስለ ወንፊቱ፣ ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚመጣውን ዝናብ ጣሪያው እስኪታጠብ ስለ ማፍሰስ ሁሉንም አስረዱት።

«የመጀመሪያውን መጣሉ ግን አያንገበግብም?» አለ ባለ ወፍጮው።

«እንዴታ፣ ያንገበግባል እንጂ» አሉ ጋሽ ምላጭ ምሥራቁን ቀና ብለው እያዩ፤ ደመናው መጥቆር ጀምሯል። «በል መሰላሉን በዚያ በኩል ያዝልኝ። ታንከርህን ውሃው ሲጎድል፣ በጋው ማብቂያ ላይ እናጥበዋለን፤ እስከዚያ አፍልተህ ጠጣ፤ አሸንዳህን ግን ዛሬውኑ እንጥረገው።»