ሜትሮናችን ያልለቀቋት እግር

የማስተርስ ማመልከቻዬን ይዤ የነርሶች ኃላፊ ወደሆኑት ሜትሮናችን ሲስተር አልማዝ ቢሮ ገባሁ፤ እንዲፈርሙልኝ ነው። እዚሁ ጁባ፣ አማራት ሰፈር ያለው ክሊኒካችን ውስጥ ማለት ነው። የመረጥኩት ነርሲንግ ማኔጅመንት ነበር፤ እሳቸውም የተመረቁት በሱ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያንን ወንበርና ያንን ቀዝቃዛ ቢሮ ስመኝ ስንት ዓመቴ! እስክሪብቶ እንዳነሡ ከሕፃናት ክፍል ተጠራሁ። ከሸሪካት ሰፈር የመጣች፣ ተቅማጥ ያደከማት ሕፃን ናት፤ ሦስት ሰው ሞክሮ ደም ሥሯን አጥቶታል። እናቷ "ዶክቶራ! ዶክቶራ!" እያለች ጋወኔን ትጎትታለች። ጓንት ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ የልጅቷን እግር አሞቅኩት። እግሯን የሚይዝልኝ ሰው ፍለጋ ዞር ስል ሲስተር አልማዝ ለካ ተከትለውኝ መጥተዋል። "እኔ ልያዝልሽ" አሉና ተንበረከኩ። መርፌው በአንዴ ገባ፤ ጉሉኮሱም መንጠባጠብ ጀመረ።

"በቃ ሲስተር፣ ይልቀቋት" አልኳቸው።

"ቆይ" አሉኝ።

ዕቃዬን ሰብስቤ፣ እጄን ታጥቤ ስመለስም አልለቀቋትም። ያቺ ትንሽዬ እግር መዳፋቸው ውስጥ ናት። ቀና እንኳን ሳይሉ፣ "እንዲህ የበሽተኛ ገላ ከያዝኩ ስንት ዓመቴ መሰለሽ?" አሉ።

ቢሮ ስንመለስ ወረቀቱን ከፊታቸው ወሰድኩና "ማኔጅመንት" የሚለውን ሰርዤ "የሕፃናት ነርሲንግ" ብዬ ጻፍኩበት። አነበቡት። ፈርመው ሲሰጡኝ ግን ወረቀቱን በአንድ ጫፍ እንደያዙ፣ "የሚያዝ እግር ሲመጣ ጥሪኝ፣ እሺ?" አሉኝ።